በሃያ ሁለት የተቀመጠ ለቅሶ

ነገሩ የተነሳው በስኳር ሰልፍ ላይ ነው። በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ጉርድ ሾላ የቀበሌው ሱቅ ስኳር ገብቷል ተባለና ሰፈሩ ዘንቢሉን እያንጠለጠለ ተሰለፈ። የሺአረግ ቦሌ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት፤ የዚያን ዕለት የእናቷ ሻይ ያለ ስኳር እንዳይቀር ብላ ከአለቃዋ ፈቃድ ለምና ነበር የመጣችው። ከኋላዋ የቆመች ጎረቤት ተራዬን ወስደሽብኛል ብላ ጭቅጭቅ አነሳች። የሺአረግ መልስ ስትሰጣት ሴትየዋ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «አገሩን ከድቶ ለጠላት የገባ ወታደር ልጅ እኔን ስለ ተራ ታስተምረኝ ጀመር» አለች።

ሰው ሁሉ እንዳልሰማ ሆኖ የሱቁን ጣሪያ ማየት ጀመረ፤ እንዲህ ያለውን ቃል የተናገረው ብቻ ሳይሆን የሰማውም የሚፈራበት ዘመን ነበር። ምቀኛ ሰው የራሱን ትናንት ይረሳል፤ የጎረቤቱን ነውር ግን ሃያ ዓመት ቢሆነው አቧራውን አራግፎ ያወጣዋል። የሺአረግ ደሟ ፈላ፤ ግን አፏን ያዘችና ዘንቢሏን ይዛ ያለ ስኳር ወደ ቤቷ ሄደች።

እናቷ ፈለቀች ልቧን ካመማት ወዲህ ከአልጋዋ ብዙም አትርቅም። የሺአረግ ነገሩን ዋጥ አድርጋ ልታልፈው አስባ ነበር፤ ግን ፊቷ አሳበቀባት፣ እናቷ ጠየቀቻት፣ እሷም ነገረቻት።

ታሪኩ አጭር ነው። የፈለቀች ባል ወልደጻድቅ ገብረወልድ ወታደር ነበር። በሃምሳ ስድስት ኦጋዴን ድንበር ላይ ጦርነት ሲነሳ ዘመተ፤ የሺአረግ ያን ጊዜ የወተት ጥርሷን እንኳ ያልነቀለች ልጅ ነበረች። ጦርነቱ አበቃ፣ የጦር መኪኖቹ ተመለሱ፣ ወልደጻድቅ ግን አልተመለሰም። አንድ እሁድ፣ ጓደኛውና የሠርጉ አንደኛ ሚዜ የነበረው መኩሪያ በምርኩዝ እያነከሰ መጣ። በላ፣ ጠጣ፣ ሕፃኗን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አጫወታት። ከዚያ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ «ወልደጻድቅ ከድቷል። መሣሪያውን ይዞ ወደ ማዶ ተሻግሯል። እንዳትጠይቂ። ጦር ሰፈር ሄደሽ ስሙን ከጠራሽ አንቺንም ልጅቷንም ይይዟችኋል» አላት። ፈለቀች ሚዜን ምን ብላ ትጠርጥር? አመነችው። መኩሪያም ከዚያች ቀን ወዲህ ድምጹ ጠፋ።

ፈለቀች የባሏን ፎቶዎች ሰብስባ ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው። ልጇን ትምህርት ቤት ስታስገባም የከዳተኛ ልጅ እንዳትባልባት ብላ በወንድሟ በማሞ ስም አስመዘገበቻት። ጥቁር አልለበሰችም፤ ባሏ ሞተ ያላት የለማ። ሌላ ባልም አላገባችም፤ የመጀመሪያው አልፈታትማ። እንዲሁ በመሐል ተንጠልጥላ ፀጉሯ ሸበተ።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አለቻት የዚያን ዕለት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «ሞቶ ከሆነ ላልቅስለት። ጥሎን ከሆነ ልርገመው። ሁለቱንም ሳላደርግ አፈር ልገባ ነው፣ የሺ።»

የሺአረግ በሰልፉ ላይ ከሰደበቻት ሴት ይልቅ የተናደደችው በአባቷ ነበር። በሕይወት ካለ፣ የትም ይሁን የት፣ አግኝታ እናቷ ፊት ልታቆመውና እርግማኑን በጆሮው እንዲሰማ ልታደርገው በእናቷ ሕይወት ማለች። ይህች ልጅ ደግሞ ስትምል ቀልድ አታውቅም።

የጦሩ መዝገብ ቤት መሐል ከተማ ነበር። ስሙን ስትጠራ ይይዙኛል የሚለው የእናቷ ፍርሃት እሷንም ስለወረሳት፣ መጀመሪያ ቀን በሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ሁለተኛ ስትመጣ ገባች። የተቀበለቻት ዘኪያ የምትባል፣ ሻሿን እስከ ግንባሯ ያሰረች ሴት ነበረች፤ ሥራው ካሰለቻት ቆይቷል፣ ሰው ግን አላሰለቻትም።

«የምን ዝምድና ነው?» አለቻት።

«አባቴ ነው። ከድቷል ይባላል።»

«ይባላል እኮ ነው። እንዳንቺ ይባላል ብለው የሚመጡ ስንት አሉ መሰለሽ፤ ግማሾቹ ሰውዬው ሌላ ሚስት አግብቶ ነው የሚገኘው።» ዘኪያ ስሙን ጻፈችና፣ «የንጉሡ ጊዜ ፋይል ምድር ቤት ነው፤ አይጥ ካልቀደመን እናገኘዋለን። ትመላለሻለሽ እንግዲህ» አለቻት።

የሺአረግ ተመላለሰች። አለቃዋ ፈቃድ መስጠት ሰለቸው፤ የምሳ ሰዓቷን እየሠዋች፣ ከቦሌ በአውቶቡስ እየተጋፋች ሄደች። አንድ ቀን ዘኪያ ጠረጴዛዋ ላይ ዳር ዳሩ የተበላ ፋይል ዘርግታ ጠበቀቻት። ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም።

«ቁጭ በይ» አለቻት። «አባትሽ አልከዳም። አሥር አለቃ ወልደጻድቅ ገብረወልድ፣ ኦጋዴን ግንባር እግሩን ቆስሎ፣ ሆስፒታል ታክሞ፣ በጡረታ በክብር ተሰናብቷል። ፋይሉ ከዚህ ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤት ነው የተላለፈው። የሞተ ቢሆን ይመለስልን ነበር፤ አልተመለሰም።»

የሺአረግ መጀመሪያ ደስ አላት። ደስታዋ ግን ከወንበሩ ሳትነሳ አለቀ። አባቷ አገሩን አልከዳም፤ የከዳው እነሱን ነው። በክብር ተሰናብቶ፣ ጡረታውን እየበላ፣ ሚስቱ በመሐል ተንጠልጥላ ስትሸብት አንድ ቀን እንኳ በር አላንኳኳም። መንገዱን በሙሉ እያለቀሰች ሄደች፤ ዕንባው የሐዘን አልነበረም፣ የእልህ ነበር።

ጡረታ መሥሪያ ቤት ያገኘችው ወጣት ሠራተኛ መታወቂያዋን ተቀብሎ አገላበጠ። «ጓዲት፣ መታወቂያሽ የሺአረግ ማሞ ነው የሚለው። በሰውዬው ፋይል የተመዘገቡት ልጆች ደግሞ ስብሓት ወልደጻድቅና ሙሉነሽ ወልደጻድቅ ናቸው። አንቺ የለሽበትም። አድራሻ ልሰጥሽ አልችልም» አላት። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ሥራው ነው። እሷ ግን ጥፊ የቀመሰች ያህል ሆነች። እሷ የአጎቷን ስም ተሸክማ ስትኖር፣ የአባቷን ስም የማታውቃቸው ልጆች ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እነዚያን ሁለት ልጆች ሳታያቸው ጠላቻቸው።

አድራሻ ባይሰጧትም የጡረታ መክፈያ ቀን ምስጢር አይደለም። በዚያ ቀን ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጣሉ፤ አንድ ሰው በረንዳው ላይ ቆሞ ስም ይጠራል፤ የተጠራው «አለሁ» ብሎ ይነሳል። የሺአረግ ነጠላዋን ተከናንባ ከአጥሩ አጠገብ ቆመች። «ወልደጻድቅ ገብረወልድ» ሲባል፣ ኮቱን በትከሻው ላይ ጣል ያደረገ፣ ሪዙን ያሳመረ፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው «አለሁ» ብሎ ተነሳ። ድምጹ የጠገበ ሰው ድምጽ ነበር።

ተከተለችው። አውቶቡስ ተሳፈረ፣ ተሳፈረች። ሃያ ሁለት ማዞሪያ ወረደ፣ ወረደች። ዳቦ ገዛ፤ ጎረቤቶቹ «ጋሽ ወልደጻድቅ፣ እንዴት ዋሉ» ሲሉት ባርኔጣውን እያነሳ ሰላምታ ሰጠ። ከዚያ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ከፍቶ ገባ። ከእነሱ ቤት በአውቶቡስ ጥቂት ፌርማታ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ጉርድ ሾላና ሃያ ሁለት ሆነው ያንኑ አቧራ ሲምጉ ኖረዋል።

የሺአረግ በሩን ልታንኳኳ እጇን ሰንዝራ ነበር፤ መልሳ አወረደችው። እርግማኑ የእናቷ ነው፣ ለእናቷ ታስቀር።

ፈለቀች ወሬውን ስትሰማ አላለቀሰችም። «አሳዪኝ» ብቻ አለች። እሁድ ጠዋት ቀሚሷን ቀይራ፣ ልቧ እየደለቀ፣ በልጇ ክንድ ተደግፋ ሄደች። መንገዱን ሁሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ለሃያ ዓመት ያጠራቀመችውን እርግማን ስታሰናዳ ነው። ከአረንጓዴው በር ፊት ለፊት ካለ ሱቅ ደጃፍ ቆመው ጠበቁ። ሰውዬው ከሚስቱ ጋር ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ፣ እያነከሰ በአጠገባቸው አለፈ።

የሺአረግ እናቷ እርግማኑን እስክትጀምር ጠበቀች። ፈለቀች ግን ክው ብላ ቀረች። በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው አፏ የተከፈተው።

«ይሄ ወልደጻድቅ አይደለም» አለች። «ይሄ መኩሪያ ነው።»

«የትኛው መኩሪያ?»

«ሚዜው። ቤቴ መጥቶ ከድቷል ያለኝ።»

ነገሩ ቀስ እያለ ነው የገባቸው። መኩሪያ የወልደጻድቅን ስም፣ ማዕረግና አገልግሎት ወስዷል ማለት ነው። ባለቤቱ በሕይወት ያለ ስም ደግሞ አይወሰድም። ፈለቀችን ከጦር ሰፈር ደጃፍ ያራቃት፣ ብትጠይቅ ጉዱ ስለሚወጣ ነው። የገዛ ስሙን የጣለው ደግሞ የከዳው እሱ ራሱ ቢሆን ነው። የገዛ ወንጀሉን ለሞተው ሰው አሸክሞ፣ የሞተውን ሰው ክብር ለራሱ ለብሶ፣ ሪዙን እያሳመረ ይኖራል።

ፈለቀች ከሱቁ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ሞቷል» አለች። «ወልዴ ሞቷል። እኔ ደግሞ ፎቶውን አቃጠልኩት።» ልትጮኽ አፏን ስትከፍት የሺአረግ በእጇ ከደነችው።

«አሁን አይደለም፣ እማዬ። እዚሁ ነው የምታለቅሺው፤ ግን ብቻሽን አይደለም» አለቻት። ይህን ስትል ዓይኗ ደም ለብሶ ነበር።

የዚያን ጊዜ ሰውን ማጥፋት ቀላል ነበር። ቀበሌ ሄዶ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይበቃል፤ የሺአረግም ዓረፍተ ነገሩን አስባበታለች። ግን አነሰባት። ጥበቃዎች መጥተው ይወስዱታል፣ ሰው በሩን ዘግቶ ያንሾካሹካል፣ በነጋታው ሌላ ወሬ ይመጣል። ወልደጻድቅ ከድቷል የተባለው በሹክሹክታ ነው፤ አለመክዳቱም በሹክሹክታ እንዲነገር አልፈለገችም። መኩሪያ በገዛ አፉ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ምላሱ እስኪደርቅ እንዲናገረው ፈለገች።

ስለዚህ የሄደችው ወደ ዕድራቸው ዳኛ ወደ አቶ አረጋዊ ነው። አቶ አረጋዊ ዕድሩን እንደ ፍርድ ቤት የሚመሩ፣ ለደንብ ነፍሳቸውን የሚሰጡ ሽማግሌ ናቸው።

«መርዶ አለብን» አለቻቸው። «አባቴ ሞቷል።»

«ማን ነገራችሁ? መርዶ ነጋሪ ሳይኖር ዕድሩ ድንኳን አያወጣም» አሉ።

«መርዶ ነጋሪው ሃያ ሁለት ነው ያለው። ሃያ ዓመት ዘግይቷል። ሄደን እንስማው።»

አቶ አረጋዊ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉትና፣ «ደንቡ መርዶ ነጋሪው ይምጣ አይልም» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው። «ዕድሩ ሊሄድ ይችላል።» ስብሰባ ሁሉ የቀበሌ ፈቃድ የሚጠየቅበት ጊዜ ነው፤ ለእንዲህ ያለው የቆየ መርዶ ግን ማንም ፈቃድ አልጠየቀም።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ የጉርድ ሾላ ዕድርተኞች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አረንጓዴው በር ፊት ቆሙ። ወንዶቹ የድንኳኑን ሸራና አግዳሚ ወንበሮቹን በጋሪ አስጭነው መጡ። ከዚያ ፈለቀች ጮኸች። ለዓመታት የታፈነው ጩኸት ሲወጣ ሰፈሩ መስኮቱን ከፈተ። «ወልዴ፣ ወልደጻድቅ፣ አፈር ሳላለብስህ የቀረኸው» እያለች ደረቷን ስትመታ፣ ሴቶቹ ተቀብለው አስተጋቡ።

የሃያ ሁለት ሰፈር ሰዎችም ለቅሶ ሰምተው ዝም ብለው የሚቀመጡ አይደሉም። ነጠላቸውን እየጎተቱ ወጡ። «ማን ሞተ?» «ወልደጻድቅ።» «ጋሽ ወልደጻድቅ? ኧረ ማታ ዳቦ ሲገዛ አይቼዋለሁ።» አንዷ ሳታጣራ ማልቀስ ጀምራ ነበር። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ሟቹ በፒጃማ ወጣ። ያለቀሰችው ሴትዮ አማተበች።

ፈለቀች ማልቀሷን አቆመች። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እሱ ተጠጋች። «አወቅኸኝ?» አለችው። እሱ አንድ እርምጃ ወደኋላ አፈገፈገ።

«ወልደጻድቅ ከሆንክ ሚስትህ ነኝ፤ ያቺም ልጅህ ናት፤ በል አስገባን» አለችው። «ካልሆንክ የኔን ወልደጻድቅ የት እንዳደረግኸው ንገረኝ።»

ሚስቱ ከኋላው ቆማለች፤ ልጆቹ ስብሓትና ሙሉነሽ በበሩ አንገታቸውን አውጥተዋል። አንዱ ጎረቤት የሺአረግን፣ «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» አላት። «የሺአረግ ወልደጻድቅ» አለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያልጠራችውን ስም ሳትደናቀፍ ጠራችው። ስብሓት ዞር ብሎ አያት።

መኩሪያ ወደ ግራ ቢል የጉርድ ሾላ ሰው፣ ወደ ቀኝ ቢል የገዛ ጎረቤቱ። «ሞቷል» አለ በመጨረሻ፣ በማይሰማ ድምጽ። «ድምጽህን ከፍ አድርግ፤ መርዶ እኮ ነው» አሉት አቶ አረጋዊ። «ወልደጻድቅ ሞቷል። እኔ መኩሪያ ነኝ» አለ።

ፈለቀችን ሴቶቹ ደግፈው ያዟት። የሺአረግ በዚያን ሰዓት የተሰማትን ነገር መደበቅ አያስፈልግም፤ ደስ አላት። እናቷ መሬት ላይ እየተንከባለለች እሷ ደስ አላት።

ትርምሱ ሲበርድ መኩሪያ ወደ አጥሩ ጥግ ወስዶ ለመናት። «እመቤቴ፣ ልጆች አሉኝ። የመንግሥት ገንዘብ በመብላትና በመክዳት ነው የሚከሱኝ፤ ይገድሉኛል። እባክሽ ቀበሌ አትሂጂብኝ።»

«አልሄድም» አለችው። በዕድሜ አባቷ የሚሆነውን ሰው «አንተ» እያለች ነው የምታናግረው፤ የሰሙት ሁሉ ልብ ብለውታል። «ስለ አንተ አንድ ቃል ለቀበሌ ከአፌ አይወጣም፤ እናቴ ትሙት። ግን ለቅሶው እዚህ፣ አንተ ግቢ ውስጥ፣ ሦስት ቀን ይቀመጣል። አንተ ከሐዘንተኞቹ ጋር ትቀመጣለህ። ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ገብቶ ምን ሆኖ ሞተ ሲል፣ የምትመልሰው አንተ ነህ። ለመጣው ሁሉ። አንድ ሰው ብታስቀር ውሉ ፈረሰ።»

መኩሪያ እጇን ሊስም ጎንበስ አለ። በርካሽ የተገላገለ መስሎታል።

ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ተደረደሩ። ሰው «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ ገባ። የአገሩ ወግ ነው፤ የገባ ሰው ጥቂት ተክዞ ይቆይና፣ ጎኑ ወዳለው ጠጋ ብሎ ይጠይቃል፤ ታሞ ነበር ወይ፣ ምን ሆኖ ሞተ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ የሞቱም ታሪክ እንደገና ከሀ ይጀመራል። በሌላ ለቅሶ ይሄ ሐዘንን ማስወጫ ነው። መኩሪያን ግን በየገባው ሰው ቁጥር ቆዳውን ይገፈው ጀመር።

መጀመሪያ ላይ ሊያሳምረው ሞከረ። «ተኩስ ላይ ነው፣ እንደ ጀግና ነው የሞተው» አለ። ፈለቀች ከሴቶቹ መሐል ቀና ብላ፣ «ለኔ እንደዚያ አልነበረም የነገርከኝ። ለኔ የነገርከኝንም ጨምርላቸው» አለችው። ጨመረ። «ቤቷ ሄጄ ከድቷል አልኳት።» «ለምን?» ይላል ለቅሶ ደራሹ፤ ሰው መቼም ለምን ሳይል አያልፍም። «የሸሸሁት እኔ ነበርኩ» ይላል። ሌላ ይገባል። የጡረታ ጓደኞቹ መጡ፤ የድሮ ወታደሮች ናቸው፣ ሰምተው ንፍሯቸውን ሳይቀምሱ ወጡ። የክርስትና ልጁ መጣ። የራሱ ዕድር ዳኛ መጡ። የሚስቱ ወንድሞች ሲመጡ ድምጹ ተዘጋ፤ የሺአረግ ብርጭቆ ውሃ አቀረበችለትና ጠጥቶ እስኪቀጥል ከፊቱ ቆማ ጠበቀችው።

በነጋታው ማሳመሩ ቀረ። ቃሉ በራሱ ይወጣ ጀመር፣ እያንዳንዱም ንግግር ከበፊተኛው አንድ ነገር ይጨምራል። የሟቹን ወረቀቶች ከኪሱ ማውጣቱ መጣ። ሸሽቶ ሲሮጥ እግሩን መመታቱ መጣ። ሆስፒታል ስሙን ሲጠይቁት፣ መኩሪያ የሚለው ስም ከሸሹት ጋር መጠራቱን ስለሚያውቅ፣ ወልደጻድቅ ማለቱ መጣ። ስብሓት ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆሞ ይሰማል። ወጥቶ መሄድ ይችል ነበር፤ አልሄደም። የሺአረግ አንዳንዴ ታየዋለች፤ በዚያ ስም ስንት ጊዜ ተጠርቶ እንደሆን ታስባለች፣ መልሳም ትጨክናለች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ድንኳኑ ሊነሳ ጥቂት ሲቀረው፣ የቀበሌው ሊቀመንበር መጡ። ለስብሰባ ከርመው መመለሳቸው ነው። ሰፈሩ አንድም ሰው ምን እንደሆነ አልነገራቸውም፤ ወሬ ነጋሪ መሆንም ያስጠይቃል። የሰሙት ጋሽ ወልደጻድቅ ቤት ለቅሶ እንዳለ ብቻ ነው፣ እሳቸውም ለቅሶ የማያጓድሉ ሰው ናቸው። ሁለቱን ጥበቃዎች በር ላይ ትተው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ከመኩሪያ ጎን ተቀመጡ።

ጥቂት ተከዙ። ከዚያ እንደ ወጉ ጠጋ ብለው፣ «ጓድ ወልደጻድቅ፣ ማን ነው? ምን ሆኖ ሞተ?» አሉት።

መኩሪያ የሺአረግን አያት። «ቃል ገብተሽልኝ ነበር» አለ።

«ቃሌን ጠብቄያለሁ» አለች። «እኔ ምን ተናገርኩ? ለቅሶ ደራሽ ናቸው፣ ንገራቸው።» ይህች ሰዓት እንደምትመጣ ሸራው ሲወጠር ጀምሮ ታውቅ ነበር። ቁጭ ብላ የጠበቀችው እሷን ነው።

መኩሪያ ለሦስት ቀን ሲናገር ሰንብቶ አሁን መዋሸት አልቻለም፤ ምላሱ መንገዱን ለምዶታል። ከሀ ጀመረ። መሸሹን ተናገረ፣ ወረቀቱን ተናገረ፣ ጡረታውን ተናገረ። እስከዚያ ድረስ ለማንም ያላወጣውንም ያን ጊዜ አወጣው። «ስሸሽ አልሞተም ነበር» አለ፣ ሊቀመንበሩን ሳይሆን መሬቱን እያየ። «ሆዱን ተመትቶ ነበር። ሚዜዬ፣ ተሸከመኝ አለኝ። እያየኝ ነው የሄድኩት። በማግስቱ ስመለስ ፊቱን ወደሄድኩበት አዙሮ ነው ያገኘሁት። አልቀበርኩትም።»

ፈለቀች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር። እስከዚያ ሰዓት ስታለቅስ የነበረችው ለጠፋ ባል ነው፤ አሁን ለሚጣራ ባል ማልቀስ ጀመረች። የሺአረግ ይህን ስትሰማ፣ ትንሽ ርኅራኄ ነበራት ቢባል እንኳ ተጠራርጎ ሄደ።

ሊቀመንበሩ ቆባቸውን ጭናቸው ላይ ጥቂት አሽከረከሩት። «ለቅሶው ይለቅ፣ ከዚያ አብረን እንሄዳለን» አሉ፣ ድምጻቸውን ከፍ ሳያደርጉ። አቶ አረጋዊ ጸሎት አደረሱ፣ ሰው ተነሳ። መኩሪያን ጥበቃዎቹ በመሐላቸው አድርገው በአረንጓዴው በር ወጡ፤ እግሩን እየጎተተ ሲሄድ ወደኋላ አላየም። ስብሓት እስከ በሩ ተከትሎት ሄዶ እዚያው ቆመ።

የመኩሪያ ሚስት የሚሄዱትን እያየች ብቻዋን መሐል ግቢ ቀረች። ከዚያ ዞራ ድንኳኑ ውስጥ ገባችና፣ ገና ከአግዳሚው ካልተነሳችው ከፈለቀች አጠገብ ቆመች። የተወሰደ ሰው የማይመለስበት ዘመን ነውና ልታለቅስ ነው። ሴት ባሏን በስሙ እየጠራች ነው የምታለቅሰው። ደረቷን መታች፣ አፏን ከፈተች፣ ቃሉ ግን ከጉሮሮዋ አልወጣም። ወልደጻድቅ ብላ እንዳትጠራው ስሙ ሦስት ቀን ሙሉ የተለቀሰበት የሌላ ሴት ባል ነው። መኩሪያ ብላ እንዳትጠራው፣ በዚያ ስም አንድም ቀን ጠርታው አታውቅም። እንደተከፈተ አፏ ደርቆ ቀረ።

ፈለቀች ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ አየቻትና፣ ፈቀቅ ብላ ወንበሩ ላይ ቦታ ለቀቀችላት። በሌላው ጫፍ የተቀመጠችው የሺአረግ ግን ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም።